2147483647፦ ሠላሳ አንድ አንዶች የሠሩት ቁጥር

ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች 2147483647ን የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ በችግር ቀን ነው። የደንበኞች ስልክ በተመዘገበበት ሠንጠረዥ ውስጥ መቶ ሰው አንድ ዓይነት ስልክ ይዞ ሲገኝ፣ ያ ስልክ ይኸው ቁጥር ይሆናል። የሒሳብ ሰዎች ደግሞ ከ250 ዓመት በፊት ሊዮናርድ ኦይለር ብቸኛ መሆኑን ያረጋገጠው ቁጥር ብለው ያውቁታል። (ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ማለት ነው፤ እንደ 7፣ እንደ 31።) እኔን የሚገርመኝ ሁለቱም ባሕርያት ከአንድ ምንጭ መቅዳታቸው ነው። ምንጩን የያዘ ሰው የኦይለርን ማረጋገጫም ሆነ የስልኩን ብልሽት ምንም ሳይሸመድድ ሊያስረዳ ይችላል።

2ን ሠላሳ አንድ ጊዜ ጽፈን ብናባዛው 2147483648 እናገኛለን። የእኛ ቁጥር ከዚያ በአንድ ያንሳል፤ 2³¹ − 1 ነው። በተለመደው አጻጻፍ ሲታይ መልክ የለውም። በግእዝ ቁጥር ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯ ተብሎ ሲጻፍም እንደዚያው ነው፤ የግእዝ አጻጻፍ በመቶና በእልፍ እየዘለለ ስለሚሄድ 21፣ 47፣ 48፣ 36፣ 47 የሚሉት ጥንዶች ፍንትው ብለው ይወጣሉ፣ ሥርዓት ግን አይታይባቸውም። ኮምፒውተር እንደሚጽፈው በ0 እና በ1 ብቻ ሲጻፍ ግን ይህን ይመስላል፦

1111111111111111111111111111111

ሠላሳ አንድ 1፣ አንድም 0 የሌለበት። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። 31 ቦታ ብቻ በተሰጠው መዝገብ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር አይገባም፤ አንድ ሲጨመርበት ሁሉም ወደ 0 ተገልብጦ 32ኛ ቦታ ይፈለጋል። ደግሞም 2³¹ ለዚህ ቁጥር ሲካፈል ቀሪው ልክ 1 ነው። የሒሳቡ ውበት ሁሉ የሚወጣው ከዚህች ከሁለተኛዋ ስለሆነ በእሷ ልጀምር።

የ1ዎቹ ብዛት ራሱ ተከፋይ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ የመሆን ተስፋ የለውም። 15 አንዶችን እንውሰድ፤ ቁጥሩ 32767 ነው። በሦስት በሦስት ስንቧድናቸው 111 111 111 111 111 ይሆናል። 111 በዚህ አጻጻፍ 7 ስለሆነ፣ 32767 ለ7 እንደሚካፈል ምንም ሳናሰላ አየን። በአምስት በአምስት ብንቧድናቸው ደግሞ 11111፣ ማለትም 31፣ አካፋይ ሆኖ ይወጣል። በእርግጥም 32767 = 7 × 31 × 151 ነው። 31 ግን ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ 31 አንዶች ለእኩል ቡድን አይከፈሉም። ይህ አስፈላጊ ነው፣ በቂ ግን አይደለም፤ 11ም ብቸኛ ቁጥር ሆኖ ሳለ 11 አንዶች የሚሠሩት 2047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው።

ብዙ ሰው የተሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ጣሊያናዊው ፒየትሮ ካታልዲ በ1603 ባሳተመው ሥራ (ሌላ ካልጠቀስኩ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 17 እና 19 አንዶች የሚሠሯቸው ቁጥሮች፣ 131071 እና 524287፣ ብቸኛ መሆናቸውን አካፋይ እየሞከረ በትክክል አሳየ። ከዚያ አልፎ ግን 23፣ 29፣ 31 እና 37 አንዶችም እንዲሁ ብቸኛ ቁጥር ይሠራሉ አለ። በ1640 ፒየር ደ ፌርማ የ23ቱ ለ47፣ የ37ቱ ደግሞ ለ223 እንደሚካፈል አገኘ። የ29ኙ ለ233 እንደሚካፈል ያሳየው ኦይለር ነው። ከአራቱ ግምቶች ሳይወድቅ የቀረው 31 ብቻ ሆነ፤ አልወደቀም ማለት ግን ተረጋገጠ ማለት አይደለም።

ማረጋገጥ ምን ያህል ሥራ ነው? አንድ ቁጥር ተከፋይ ከሆነ ቢያንስ አንዱ አካፋይ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። 46340 በራሱ ሲባዛ 2147395600፣ 46341 በራሱ ሲባዛ 2147488281 ስለሆነ፣ ፍለጋው እስከ 46340 ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ 4792 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። አሥር አሃዝ ያለውን ቁጥር በላባ ብዕር 4792 ጊዜ ማካፈል፣ ያውም አንድም ቦታ ሳይሳሳቱ፣ ማንም ደፍሮ የሚገባበት ሥራ አይደለም።

ኦይለር የሠራው ማጣሪያ ያምራል፤ ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። ሀ የሚባል ብቸኛ ቁጥር 2³¹ − 1ን ያካፍላል እንበል። እንግዲህ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልን ስንሄድ ለሀ ሲካፈሉ የሚተዉት ቀሪ 31ኛው እርምጃ ላይ 1 ይሆናል። ቀሪው ወደ 1 የሚመለስባቸው እርምጃዎች ሁሉ የመጀመሪያው መመለሻ ብዜቶች ናቸው። 31 ብቸኛ ስለሆነ የመጀመሪያው መመለሻ ወይ 1 ነው ወይ 31፤ በ1 እርምጃ 2 ራሱ 1ን ሊተው ስለማይችል 31 ነው። ፌርማ ያገኘው ሕግ ደግሞ ለማንኛውም ጎዶሎ ብቸኛ ቁጥር ሀ፣ 2 በ(ሀ − 1)ኛው እርምጃ ሁልጊዜ ወደ 1 ይመለሳል ይላል። ስለዚህ ሀ − 1 የ31 ብዜት መሆን አለበት። ሀ ጎዶሎ ስለሆነ ሀ − 1 ተጋማሽ ነው፤ ስለዚህም የ62 ብዜት ነው።

ሁለተኛው ወንፊት ይቀጥላል። 2³¹ ለሀ ሲካፈል 1 ከተወ፣ 2³² ሲካፈል 2 ይተዋል። 2³² ግን የ2¹⁶ ስኩዌር ነው። ስለዚህ 2 በሀ ቀሪዎች ዓለም ውስጥ የሌላ ቁጥር ስኩዌር ሆኖ ይገኛል፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ሀ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ሲተው ብቻ ነው። ሁለቱን ሁኔታዎች ስናጋጥም ለሀ የሚቀሩት ሁለት መልኮች ናቸው፤ የ248 ብዜት ሲደመር 1፣ ወይም የ248 ብዜት ሲደመር 63። እስከ 46340 ድረስ ከ63 በቀር በዚህ መልክ የሚገኙት ቁጥሮች 372 ናቸው። ከእነሱም አብዛኞቹ ራሳቸው ተከፋይ ናቸው፤ 249 ለ3፣ 497 ለ7፣ 559 ለ13፣ 745 ለ5 ይካፈላሉ። በእርግጥ መሞከር ያለባቸው ብቸኛ ቁጥሮች ሰማንያ ገደማ ብቻ ይሆናሉ። 4792 የነበረው ሥራ በሁለት አንቀጽ ሐሳብ ወደ ሰማንያ ወረደ። ኦይለር ውጤቱን በ1772 ለሒሳብ ሊቁ ቤርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ አሳወቀ። ያኔ በሴንት ፒተርስበርግ ይኖር ነበር፤ የዓይኑም ብርሃን ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር።

ከሰማንያዎቹ የመጀመሪያውን፣ 311ን፣ አብረን እንሞክር። ረጅሙን ማካፈል መሥራት አያስፈልግም፤ የ2ን ቀሪ ብቻ እየያዝን መሄድ ይበቃል። 2⁸ = 256 ነው፤ ከ311 በ55 ስለሚያንስ −55 ብለን እንያዘው። 2¹⁶ የዚህ ስኩዌር ነው፤ 55 × 55 = 3025፣ ከዚህ 9 × 311 = 2799 ሲቀነስ 226፤ ይህም ከ311 በ85 ስለሚያንስ −85። 2²⁴ የሁለቱ ብዜት ነው፤ 85 × 55 = 4675፣ 15 × 311 = 4665 ሲቀነስ 10። የሚቀረን 2⁷ = 128 ነው፤ 10 × 128 = 1280፣ 4 × 311 = 1244 ሲቀነስ 36። ስለዚህ 2³¹ ለ311 ሲካፈል 36 ይተዋል፣ የእኛ ቁጥር 35። 311 ወደቀ። መጠራጠር የሚፈልግ 311 × 6905092 = 2147483612 መሆኑን አባዝቶ 35 ጨምሮ ይይ። የሚቀጥሉት 1303 እና 1489 ናቸው፤ መንገዱ ያው ነው፣ እስከ መጨረሻውም አንድም ዜሮ ቀሪ አይገኝም።

ይህን ዛሬ በኮምፒውተር ልሞክር የሚል ተማሪ ግን የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፤ የዚህን ቁጥር ሁለት ፊት አንድ ላይ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የተለመደው ፕሮግራም «ሀ × ሀ ከቁጥሩ እስካልበለጠ ድረስ፣ ሀ ያካፍለው እንደሆነ እይ፤ ካካፈለው ብቸኛ አይደለም በል» ይላል። ተለዋዋጮቹ ተራ 32 ቢት ኢንት ከሆኑ (ቢት አንድ የ0 ወይም የ1 ቦታ ነው፤ ኢንት ሙሉ ቁጥር መያዣ ነው፣ ጣሪያውም ይኸው 2147483647)፣ ሀ 46341 ሲደርስ ብዜቱ 2147488281 መሆን ነበረበት፤ ይህ ግን ከጣሪያው ስለሚያልፍ እንደ ጃቫ ባለ ቋንቋ −2147479015 ሆኖ ይቀመጣል። ኔጌቲቭ ቁጥር ከማንኛውም ፖዘቲቭ ስለሚያንስ ፕሮግራሙ አይቆምም። ከዚያ በኋላም በፍጹም ሊቆም አይችልም፤ ምክንያቱም የሚፈተነው ቁጥር ራሱ ኢንት ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ቁጥር ነውና ከእሱ የሚበልጥ ብዜት መዝገቡ ውስጥ ሊኖር አይችልም። ሁለት ቢሊዮን ያህል ማካፈል ተሠርቶ ሀ 2147483647 ራሱ ጋ ሲደርስ «ያካፍላል!» ይልና ብቸኛ አይደለም ብሎ ይመልሳል። ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ደግሞ ከጣሪያ ማለፍ ምን እንደሚያስከትል ቋንቋው ራሱ አይወስንም፤ ስለዚህ ምንም ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ማባዛቱን ትቶ ማካፈል ነው፤ «ሀ፣ ቁጥሩ ለሀ ተካፍሎ ከሚገኘው ድርሻ እስካልበለጠ ድረስ» ብሎ መጻፍ። ወይም ብዜቱን በ64 ቢት መያዝ።

ኦይለር ቁጥሩን የፈለገው ለሌላ ጉዳይም ጭምር ነው። ከራሱ የሚያንሱ አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ቁጥር ፍጹም ይባላል፤ 6 = 1 + 2 + 3፣ ቀጥሎም 28። የአንዶች ቁጥር ብቸኛ በሆነ ጊዜ ሁሉ አንድ ፍጹም ቁጥር አብሮ ይወለዳል። ከእኛው የሚወለደው 2³⁰ × (2³¹ − 1) = 2305843008139952128 ነው፤ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ በ1811 ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር መቼም አይገኝም ብሎ ጽፎ ነበር፤ ጥቅም ስለሌለው ማንም አይደክምበትም ከሚል ሐሳብ። ተሳስቷል። ኤድዋር ሉካስ በ1876 የ127 አንዶች ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አሳየ፤ እስከ 2024 መጨረሻ ከተገኙት ትልቁ 136279841 አንዶች ያሉት፣ በተለመደው አጻጻፍ 41024320 አሃዝ የሚሞላው ቁጥር ነው።

ሉካስ የጀመረው፣ ዴሪክ ሌመር በ1930ዎቹ ያጠራው ፈተና አካፋይ ጨርሶ አይፈልግም። 4 ብለህ ጀምር፤ ስኩዌር አድርገህ 2 ቀንስ፣ ለሚፈተነው ቁጥር አካፍለህ ቀሪውን ያዝ፣ ድገም። የአንዶቹ ብዛት ሲቀነስ 2 ያህል እርምጃ ስትሄድ ቀሪው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፣ ካልሆነ አይደለም። ለ31፣ ማለትም ለአምስት አንዶች፣ እንዲህ ይሄዳል፦ 4፣ ከዚያ 14፣ ከዚያ 194 ለ31 ተካፍሎ 8፣ ከዚያ 62 ተካፍሎ 0። ሦስት እርምጃ። በ2047 ስንሞክር ዘጠነኛው እርምጃ ላይ የሚቀረው 1736 ነው፤ ወደቀ። አካፋዮቹ 23 እና 89 መሆናቸውን ግን ፈተናው አይነግርም፤ መውደቁን ብቻ። 2147483647 በዚህ መንገድ በ29 እርምጃ ያልፋል። የሚያጋጥመው ስህተት ያው የቀድሞው ነው፤ ስኩዌሩ እስከ 19 አሃዝ ስለሚደርስ በ64 ቢት ካልተያዘ መልሱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

እዚህ ላይ 2³¹ ሲካፈል 1 መተዉ ሌላ ጥቅም ይሰጣል። ትልቅ ቁጥር ለ2147483647 ሲካፈል የሚተወውን ቀሪ ማወቅ ሲያስፈልግ የማካፈል ትእዛዝ መጥራት አያሻም፤ ዝቅተኞቹን 31 ቢቶች ለብቻ፣ ከዚያ በላይ ያሉትን ለብቻ ቆርጦ ሁለቱን መደመር ነው። ድምሩ 2147483647 ከደረሰ ወይም ካለፈ ያንኑ አንድ ጊዜ መቀነስ። ለ9 መካፈልን አሃዞችን በመደመር ከምንፈትሽበት ዘዴ ጋር መሠረቱ አንድ ነው፤ 10 ለ9 ሲካፈል 1 ስለሚተው ነው አሃዞቹ የሚደመሩት።

ይህ ፍጥነት፣ ከቁጥሩ ብቸኝነት ጋር ተደምሮ፣ 2147483647ን የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫዎች እምብርት አድርጎታል። ስቴፈን ፓርክ እና ኪት ሚለር በ1988 ዝቅተኛው መለኪያ ይሁን ብለው ያቀረቡት ቀመር ያለህን ቁጥር በ16807 አባዝተህ ለ2147483647 ስታካፍል የሚቀረው ቀጣዩ ነው ይላል። ከ1 ከተነሣን 16807፣ 282475249፣ 1622650073 እያለ ይሄዳል። ለምን 16807? የ7 አምስተኛ ርቢ ነው። 7ን ደጋግመን ስናባዛ የሚቀሩት ቀሪዎች ወደ 1 የሚመለሱት ከ1 እስከ 2147483646 ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ አንድ በአንድ ጎብኝተው ነው። 2147483646 = 2 × 3² × 7 × 11 × 31 × 151 × 331 ሲሆን 5 ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ስለዚህ አምስተኛው ርቢም ሙሉውን ዙር ይጠብቃል። አባዢው 2 ቢሆን ኖሮ ግን በ31ኛው እርምጃ ተመልሰን 1 ላይ እናርፍ ነበር፤ የዘፈቀደ የተባለው ነገር 31 ቁጥሮች ብቻ ይዞ ይሽከረከራል። ለኦይለር ማረጋገጫ ቁልፍ የሆነው ባሕርይ እዚህ ሲመጣ የሚሸሹት ወጥመድ ነው።

ማባዛቱ ከ32 ቢት ሲያልፍ የድሮ ማሽኖች ላይ ሽራጌ የሚባለው ዘዴ ይሠራ ነበር። 2147483647 = 16807 × 127773 + 2836 መሆኑን ይጠቀማል፦ ያለህን ቁጥር ለ127773 አካፍለህ ቀሪውን በ16807፣ ድርሻውን በ2836 አባዛና ከመጀመሪያው ሁለተኛውን ቀንስ፤ ከዜሮ በታች ከወረደ 2147483647 ጨምር። የትኛውም ንዑስ ስሌት ጣሪያውን አይነካም። ሲ ፕላስ ፕላስ ዛሬም ይህን ማመንጫ በመደበኛ ላይብረሪው ይዟል፤ 16807ን በ48271 የተካውም አብሮት አለ። ሁለቱም ለጨዋታና ለቀላል ሙከራ ይበቃሉ። ለይለፍ ቃል ወይም በስልክ ለሚላክ የማረጋገጫ ኮድ ግን በፍጹም፤ አንድ ሙሉ ውጤት ያየ ሰው ቀጣዩን በሒሳብ ማሽን ያወጣዋል።

አሁን ወደ ጣሪያው እንምጣ። 32 ቢት ኢንት አንዱን ቢት ለምልክት ስለሚተው ለመጠን የሚቀሩት 31 ናቸው። ትልቁ 2147483647፣ ትንሹ −2147483648 ነው። ሁለቱ እኩል አለመሆናቸው ራሱ ወጥመድ ነው፤ ጃቫ ላይ የ−2147483648ን ምልክት አንሣልኝ ብትለው መልሶ −2147483648 ይሰጥሃል፣ ፖዘቲቩ ቦታ የለውምና። ሁለት ቁጥር ደምሮ ለ2 ማካፈልም አደገኛ ነው፤ የጃቫ ላይብረሪ በተደረደረ ዝርዝር ውስጥ መሀሉን የሚያገኘው በዚህ መንገድ ስለነበር ስህተቱ ለዓመታት ተደብቆ ቆይቶ በ2006 ይፋ ሆነ። ትንሹ ላይ የልዩነቱን ግማሽ መጨመር ያድናል።

አንድ የተለመደ አሳሳች ሐሳብ አለ፤ ቁጥሩ የኮምፒውተር ጣሪያ የሆነው ብቸኛ ስለሆነ ነው የሚል። ግንኙነት የላቸውም። የ64 ቢት ጣሪያ 9223372036854775807 ነው፤ 63 አንዶች። 63 ለ3 ስለሚካፈል በሦስት በሦስት ይቧደናል፤ ለ7 ይካፈላል ማለት ነው። የ16 ቢቱ ጣሪያ ቅድም ያየነው 32767 ነው። 32 ቢት ላይ ጣሪያውና ብቸኝነቱ የተገጣጠሙት 31 ስላጋጠመን ብቻ ነው።

ስልኩ ጋ እንመለስ። የኢትዮጵያ ሞባይል ቁጥር በኢንት ዓምድ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ መሪዋ 0 ትጠፋለች፤ የቀረው 9 አሃዝ ከጣሪያው በታች ስለሆነ ሁሉ ሰላም ይመስላል። ከዚያ አንድ ቀን ዲያስፖራ ደንበኛ ስለመጣ ወይም የመልእክት ድርጅቱ ስለጠየቀ 251 ይጨመርና ቁጥሩ 12 አሃዝ ይሆናል። የመረጃ ቋት ሶፍትዌሩ ማይኤስኪውኤል ጥብቅ ካልሆነ አሠራር ላይ ከተቀመጠ ስህተት ብሎ አይመልስም፤ ቁጥሩን ወደ ጣሪያው ዝቅ አድርጎ 2147483647 ብሎ ይመዘግባል። ማስጠንቀቂያውን ማንም አያነብም፣ እውነተኛው ስልክ ጠፍቷል። ዓምዱን ወደ ቢግኢንት፣ ማለትም ወደ 64 ቢት፣ መቀየር የጠፋውን አይመልስም። ስልክ የማይደመርና የማይቀነስ ነገር ስለሆነ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ዓምድ መቀመጥ ነበረበት።

ገንዘብን በሳንቲም ቆጥሮ በኢንት መያዝ ጥሩ ልማድ ነው፤ የነጥብ ስሌት የሚያመጣውን መዛነፍ ያስቀራል። ጣሪያው ግን 21474836 ብር ከ47 ሳንቲም ላይ ነው። አንድ ደንበኛ ላይ ላይደርስ ይችላል፤ የቅርንጫፍ የቀን ድምር ላይ ግን ይደርሳል፣ ስለዚህ ድምሩም ዓምዱም 64 ቢት ይሁን። ጃቫስክሪፕት ላይ «ከዚህ ያህል ሚሊሰከንድ በኋላ ሥራ» የሚለው ትእዛዝም ያው ጣሪያ አለው፤ 24 ቀን ከ20 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገደማ። ከወር በኋላ አስታውስ የተባለ ማስታወሻ ጣሪያውን ስለሚያልፍ ወዲያው ይጮኻል። ዩቲዩብም በ2014 መጨረሻ የ«ጋንግናም ስታይል» ዘፈን ተመልካች ይህን ቁጥር ስለደረሰ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት ማሳደጉን አስታውቋል።

ትልቁ ቀጠሮ የሰዓቱ ነው። ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። 2147483647ኛው ሰከንድ በአዲስ አበባ ሰዓት ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ይውላል። የጥምቀት ዕለት ነው። ቢሮው ዝግ፣ ባለሙያው ሁሉ ታቦት በተሸኘበት ሜዳ ባለበት ጠዋት ማለት ነው። በቀጣዩ ሰከንድ 32 ቢት ሰዓት የያዘ መሣሪያ ቆጠራውን ወደ −2147483648 ገልብጦ ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ያደርገዋል፤ ዐፄ ምኒልክ በዙፋን ላይ የነበሩበት ዘመን።

ይህን የሩቅ ጉዳይ የሚያደርግ ሰው የብድር ሠንጠረዥ ሠርቶ የማያውቅ ነው። ዛሬ የተፈረመ የ20 ዓመት የቤት ብድር የመጨረሻ ክፍያው ከዚያ ቀን ያልፋል፤ የማይኤስኪውኤል ታይምስታምፕ ዓይነት ደግሞ ከዚያች ሰከንድ ወዲያ አይቀበልም። ለእንዲህ ያለ ቀን ዴትታይም መጠቀም ነው፤ እሱ እስከ 9999 ይሄዳል። ሊኑክስ በ2020 ከወጣው 5.6 ጀምሮ በ32 ቢት ማሽኖችም ላይ 64 ቢት ሰዓት ይደግፋል፤ ነገር ግን ፕሮግራሙም በአዲሱ መንገድ ዳግም ካልተጠናቀረ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ብቻውን አያድነውም። ለመፈተሽ የሙከራ ማሽን ላይ ሰዓቱን ከቀጠሮው ሁለት ደቂቃ አስቀድሞ ሞልቶ ማለፉን መመልከት ነው። መግባት መቻሉን፣ ሰርተፊኬት መቀበሉን፣ በሰዓት የተያዙ ሥራዎች መነሣታቸውን፣ የመዝገብ ፋይሎቹ ቀን ትክክል መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ሥራ ላይ ያለ ሰርቨር ላይ ግን እንዳይሞከር፤ ወደፊት የተቀዱ ቀኖች ሰዓቱ ሲመለስ አብረው አይመለሱም።

ምልክቱን አንሥቶ 32ቱንም ቢት ለመጠን መስጠት ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ጣሪያው 4294967295 ሆኖ ቀጠሮው ወደ 2106 ይሸጋገራል። የሚከፈለው ዋጋ ግን አለ፤ ከ1970 በፊት ያሉ ቀኖች በዚህ ቆጠራ ከዜሮ በታች ናቸው፣ ምልክቱ ሲነሣ የሚጻፉበት ያጣሉ። የልደት ቀን የሚመዘግብ ሲስተም ላይ በ1950 ዓ.ም. የተወለደ ጡረተኛ ገና ሊወለድ የቀረው ሰው ሆኖ ይወጣል። ሰዓቱን ወደ 64 ቢት ማሳደግ ሁለቱንም ይፈታል፤ ዋጋው በአንድ ቀን አራት ባይት መጨመር ነው።